ፓርላማን በደብተር መከታተል፦ ከአጀንዳው እስከ መረጃ መጠየቂያ ደብዳቤው

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከፕሪንተሩ በላይ ቴሌቪዥን ሰቅያለሁ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ በቀጥታ ሲተላለፍ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ። ደንበኞቼ "ኧረ ሙዚቃ አድርጊልን!" ይላሉ። ጎረቤቴ ግን ወንበራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው።

አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ አብረን ተቀምጠን አየን። ሲያልቅ ጋሼ "እሺ ልጄ፣ ምን ተባለ?" አሉኝ። አሰብኩ። ግልጽነት ተብሏል። ተጠያቂነት ተብሏል። የሕዝብ እርካታም ሳይነሣ አልቀረም። ማን ምን ጠይቆ ምን እንደተመለሰለት ግን ልነግራቸው አልቻልኩም። በማግስቱ ከራሴ መደርደሪያ አንድ ደብተር አወረድኩ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ ደብተር የወጣ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ግልጽነት በሕገ መንግሥታችን የመንግሥት ችሮታ አይደለም። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። አንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብትን ይጠብቃል። ሁለቱን የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፏቸው። በኋላ ደብዳቤ ስንጽፍ እንፈልጋቸዋለን።

1. ቀን መቁጠሪያውን እወቁ

የምክር ቤቱ ዓመት የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። የሚዘጋው ሰኔ 30። በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት ሊኖረው ይችላል። ይህ በአንቀጽ 58 የተጻፈ ስለሆነ በየዓመቱ አይለዋወጥም።

የመክፈቻው ዕለት የተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ይቀመጣሉ። ፕሬዚዳንቱ ንግግር ያደርጋሉ። ብዙ ሰው ይህን ንግግር እንደ ሥነ ሥርዓት ቆጥሮ ያልፈዋል። አትለፉት። መንግሥት በዓመቱ እሠራዋለሁ የሚለውን የሚናገረው እዚያ ላይ ነው። በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀርበው በንግግሩ ላይ ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ምክር ቤቱም የድጋፍ ሞሽን ያጸድቃል። እኔ ከንግግሩ ቁጥር ያለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ለቅሜ እጽፋለሁ። ሰኔ ላይ ተመልሼ አያቸዋለሁ።

መደበኛ ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞና ሐሙስ ነው። በሌሎቹ ቀናት ቋሚ ኮሚቴዎች ይሠራሉ። መሥሪያ ቤቶች የስድስት ወርና የዘጠኝ ወር አፈጻጸማቸውን ይዘው የሚቀርቡበትን ጊዜም ምልክት አድርጉበት።

ሰኔ የበጀት ወር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በጀቱ ከዚያ በፊት መጽደቅ አለበት። እዚህ ላይ ቁጥር እንዳያታልላችሁ። የ2017 የፌዴራል በጀት ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ሆነ። ሱቄ የመጣ ሁሉ "እጥፍ ሆነ እኮ!" ይለኝ ነበር። ግን በ2017 አጋማሽ ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ጸድቋል። እሱን ስትደምሩት የ2017ቱ 1.55 ትሪሊዮን አካባቢ ይደርሳል። ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም ማለት ነው። ይህን የያዝኩት አዋቂ ስለሆንኩ ሳይሆን ደብተሬ ላይ ስለነበረ ነው።

2. ገጹን ቀድማችሁ አስምሩ

ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ ማስመር አይቻልም፤ ያመልጣችኋል። አራት ዓምድ ይበቃል፦ ማን፣ ምን ጠየቀ፣ ምን ተመለሰ፣ ቀን ወይም ቁጥር። አራተኛው ዓምድ ጠባብ ይሁን። ብዙ ጊዜ ባዶ ነው የሚቀረው።

3. መክፈቻውን አትዝለሉ

አፈ ጉባኤው መጀመሪያ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን ይገልጻሉ። ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት አለበት። መቀመጫው 547 ነው፤ ሁሉም ቢሞላ ቢያንስ 274 ሰው ማለት ነው። ስንት አባል እንደተገኘ ከተነገረ ጻፉት። ቀጥሎ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ቀርቦ ይጸድቃል፤ የዕለቱ አጀንዳም ይነበባል። ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሻይ የሚፈላው በዚህ ሰዓት ነው፤ እናንተ ግን አጀንዳውን ጻፉ።

ስብሰባው በመርሕ ለሕዝብ ክፍት ነው። ዝግ የሚሆነው ከአባላቱ ወይም ከአስፈጻሚው ጥያቄ ቀርቦ ከግማሽ በላይ አባላት ሲደግፉት ብቻ ነው። ስብሰባ በዝግ ተካሄደ ሲባል ብትሰሙ ማን እንደጠየቀ ለማወቅ ሞክሩ።

4. ረቂቅ አዋጁን እንደ ተሳፋሪ ተከተሉት

ረቂቅ አዋጅ ከመናኸሪያ እንደተሳፈረ ሰው ነው። የት እንደሚወርድ ካላወቃችሁ ይጠፋባችኋል። መጀመሪያ አንድ የመንግሥት ተጠሪ አጭር ማብራሪያ ያቀርባሉ። አባላት ጥቂት ይናገራሉ። ከዚያ "ለዝርዝር እይታ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ተመራ" ይባላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስትሰሙ የኮሚቴውን ስም ጻፉ። የሕግና ፍትሕ ነው? የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ነው?

ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው። ኮሚቴው ባለድርሻ አካላትን ጠርቶ ያወያያል። ሐሳብ ያለው ሰው ሐሳቡን ማድረስ ያለበት በዚህ ሰዓት ነው። ረቂቁ በኮሚቴው ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ታጅቦ ለሁለተኛ ንባብ ሲመለስ አብዛኛው ነገር አልቋል። ፌስቡክ ላይ ጩኸት የሚነሣው ደግሞ ሁልጊዜ ያኔ ነው። እኛ ሐበሾች አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ነው ትኬት የምንጠይቀው።

ሕጉ ሲጸድቅ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል። በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ያለ ፊርማም ሕግ ይሆናል። ከዚያ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። የመጨረሻው ቃል የነጋሪት ጋዜጣው እንጂ የዜናው አይደለም።

5. የጥያቄና መልስ ቀን

ይህ ሁሉም ሰው የሚያየው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚቀርቡበት ቀን ሱቄ ይሞላል። ለመከታተል ከባዱም እሱ ነው። ምክንያቱም አንድ ጥያቄ ተጠይቆ አንድ መልስ አይሰጥም። ብዙ አባላት ተራ በተራ ይጠይቃሉ። እያንዳንዳቸው ሁለት ሦስት ጥያቄ ያነሣሉ። መልሱ በኋላ ተጠቃልሎ፣ በርዕስ በርዕስ ተደርጎ ይመጣል፤ አንዳንዴ ለሰዓታት። ስለዚህ የማን ጥያቄ እንደተመለሰና የማን እንደተዘለለ በጆሮ ብቻ መለየት አይቻልም።

ዘዴው ይኸውላችሁ። ጥያቄዎቹን ቁጥር ስጧቸው። የተከበሩት አባል ስለ መንገድ፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ኑሮ ውድነት ከጠየቁ ያ አንድ ሳይሆን ሦስት ጥያቄ ነው። መግቢያውን አትጻፉ። "በመጀመሪያ ዕድሉ ስለተሰጠኝ" የሚለው ለሁሉም አንድ ነው። ምስጋናውንም ተዉት። "ጥያቄዬ" የሚለውን ቃል ስትሰሙ እስክሪብቶውን አንሡ። አንዳንዱ ጋ ቃሉ ሳይመጣ ሰዓቱ ያልቃል።

መልሱ ሲመጣ ጋሼ ቀይ እስክሪብቶ ያወጣሉ። አርባ ዓመት ፈተና አርመዋል፤ እጃቸው አይረሳም። ቀን፣ ቁጥር ወይም ኃላፊነት የሚወስድ መሥሪያ ቤት በስሙ የተጠቀሰበት መልስ ራይት ያገኛል። "እየተሠራ ነው"፣ "ጥናት ላይ ነው"፣ "ከሚመለከታቸው አካላት ጋር እየተነጋገርን ነው" የመሳሰሉት ግማሽ ራይት። ጨርሶ ያልተነሣው ኤክስ። አንድ ቀን 31 ጥያቄ ቆጥረን ስንት ራይት እንደተገኘ ብነግራችሁ ጋሼ ይቆጡኛል፤ "የአንድ ቀን ውጤት የተማሪን ሮስተር አይሞላም" ነው የሚሉት። እውነት አላቸው። ሦስት አራት ስብሰባ ካላያችሁ አትፍረዱ። ደግሞም ጠያቂዎቹንም አርሙ። ግልጽ ያልሆነ ጥያቄ ጠይቆ ግልጽ መልስ መጠበቅ አይቻልም። "የመልካም አስተዳደር ችግርን ከመፍታት አንፃር ምን ታስቧል?" ብሎ ለጠየቀ ሰው ምን ይመለስለት?

ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና አሠራራቸውን የመመርመር ሥልጣኑ አንቀጽ 55 ላይ ነው። እዚያው ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ፦ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ለአስፈጻሚው በተሰጠ ማንኛውም ጉዳይ ላይ ምክር ቤቱ ይወያያል፤ እርምጃም ሊወስድ ይችላል። አንድ አባል በምክር ቤቱ በሰጠው አስተያየት ወይም ድምፅ አይከሰስም። ይህን አውቃችሁ ስትሰሙ ዝምታውም ይሰማችኋል።

6. ድምፅ ሲቆጠር እጃችሁ ደብተሩ ላይ ይሁን

ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተአቅቦ። ሦስት ቁጥር ነው። "በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ" የሚለው ዜና አይበቃችሁም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የካቲት 5 ቀን 2012 ሲጸድቅ 23 አባላት ተቃውመዋል፤ 2 ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። በዚያ ምክር ቤት ውስጥ 23 ተቃውሞ ትንሽ አልነበረም። ስለ መረጃ ነፃነት የተደረገውን ክርክር ከረዥሙ ዜና ይልቅ ያቺ ቁጥር ትነግራችኋለች።

ቁጥር ለምን ዋጋ እንዳለው ያሳየን ግን የካቲት 23 ቀን 2010 ነው። ለድምፅ የቀረበው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በተራ አብላጫ አይጸድቅም፤ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው መደገፍ አለበት። ከ547 መቀመጫ ሲሰላ 365 ነው። በወቅቱ አፈ ጉባኤ የነበሩት አቶ አባዱላ ገመዳ የገለጹት 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞና 7 ድምፀ ተአቅቦ ነበር። በኋላ ድጋፉ 395 ነው ተብሎ ታረመ። በሁለቱ መካከል ያለው 49 ድምፅ ነው። አንደኛው ቁጥር አዋጁን ይጥላል፤ ሌላኛው ያሳልፋል። የዚያን ቀን ደብተር የያዘ ሰው ሁለቱንም ጻፈ። ያልያዘ እስከ ዛሬ ይከራከራል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጻፉ፦ መጀመሪያ የተነገረውን ቁጥርና የመጨረሻውን። ከተለያዩ አንዱን አትሰርዙ።

7. ሰው የማያየውን ስብሰባ እዩ

ከሁሉም የምወደው ይኸኛው ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ከዚያ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ መሥሪያ ቤቶቹን እየጠራ በግኝቱ ላይ ይፋዊ ስብሰባ ያደርጋል። ጭብጨባ የለም። ረዥም ንግግር የለም። ጠረጴዛ፣ ወረቀትና ላብ ነው።

ቃላቱን መልመድ ያስፈልጋል። "ያልተወራረደ ተሰብሳቢ" ማለት ገንዘብ ወጥቶ ሒሳቡ አልተዘጋም ማለት ነው። "ከመመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዥ" ራሱን ይገልጻል። "ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ" ማለት ደረሰኙ የለም ማለት ነው። የክዋኔ ኦዲት ደግሞ ከሒሳብ ይለያል፤ ብሩ በደረሰኝ ወጥቶም ቢሆን ሥራው ተሠርቷል ወይ ብሎ ይጠይቃል።

እዚህ ስብሰባ ላይ "እየተሠራ ነው" የሚለው መልስ በቀላሉ አያልፍም፤ ጠያቂው ግኝቱን በእጁ ይዟል። አንድ ኃላፊ ሲመልሱ አስተውሉ። ወደ ኋላ ዞረው የፋይናንስ ኃላፊያቸውን ካዩ ግኝቱ እውነት ነው። ይህ የእኔ መስፈርት እንጂ የሕግ አይደለም።

8. አሁን እናንተ ጠይቁ

ተመልካች ሆኖ መቅረት ያሰለቻል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የሚጠይቅበትን መንገድ ይዘረዝራል። ሚዲያን የሚመለከተው ክፍል በ2013 በወጣው አዋጅ 1238 ተተክቷል። ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት የመረጃውን ክፍል የነካ አዲስ ነገር መኖር አለመኖሩን ነጋሪት ጋዜጣ ላይ እዩ።

ከሱቄ አጠገብ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ሕንፃ ጀምሮ ነበር። ሁለት ዓመት በቆርቆሮ ታጥሮ ቆመ። ታፔላውን ነፋስ ወሰደው። ክረምት ላይ ከውስጡ የሚወጣው ጭቃ በሬ ድረስ ይመጣል። ጋሼ "ፓርላማውን ታርሚያለሽ፣ ደጅሽን አትጠይቂም?" አሉኝ። ጻፍኩ።

በሙያዬ ስንት ማመልከቻ አይቻለሁ። የሰው ሁሉ ስሕተት አንድ ነው፤ ብሶትንና ጥያቄን ይቀላቅላል። ሦስት ገጽ አቤቱታ ይጽፍና መጨረሻ ላይ "ስለዚህ ተገቢው እንዲደረግልኝ" ይላል። ምን ይደረግለት? ብሶታችሁን ለሌላ ቀን አቆዩት። ደብዳቤው እንዲህ ይሁን፦

ቀን ______
ለ ______ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት፣ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል
ሐዋሳ
ጉዳዩ፦ መረጃ ስለመጠየቅ
በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 እና በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የሚከተሉት እንዲገለጹልኝ አመለክታለሁ።
1ኛ፣ የሕንፃው ግንባታ ውል የተፈረመበት ቀንና ጠቅላላ ዋጋ
2ኛ፣ በውሉ መሠረት ሥራው የሚጠናቀቅበት ቀን
3ኛ፣ እስካሁን ለሥራ ተቋራጩ የተከፈለ ገንዘብ
ከሰላምታ ጋር፣ ስም፣ አድራሻ፣ ፊርማ

ሦስት ጥያቄ። እያንዳንዱ በቀን ወይም በቁጥር የሚመለስ። በሁለት ቅጂ አትሙት። ጥያቄው በቃልም ሊቀርብ ይችላል፤ ግን የቃል ጥያቄ ማኅተም አይመታበትም።

መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። "እህቴ፣ ለምን ፈለግሽው?" አለችኝ። "ለማወቅ" አልኳት። "ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፤ ሐሙስ ተመለሺ።" "እሳቸውን አልፈልግም፣ ገቢ አድርጊልኝ ብቻ።" ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ማኅተሙን አነሣች። እኔ ጋ የቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጻፈበት። ይህችን ወረቀት እንደ መታወቂያችሁ ያዟት። ያለ እሷ ነገ "ደብዳቤ አልደረሰንም" ብትባሉ መልስ የላችሁም። ልጅቷን ደግሞ አትቆጧት። እንደዚህ ያለ ደብዳቤ ብዙ አይደርሳትም።

መሥሪያ ቤቱ የሚወስንበት ጊዜ 30 ቀን ነው። ደብተራችሁ ላይ ቁጠሩ። ሊከለከሉ የሚችሉ መረጃዎች አሉ፦ የግለሰብ የግል መረጃ፣ የሦስተኛ ወገን የንግድ ምሥጢር፣ የካቢኔ ሰነድ፣ መከላከያና ደኅንነት የመሳሰሉት። የአንድ ሕንፃ ዋጋ ግን ደኅንነት ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል። ከተከለከላችሁ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ይግባኝ ትላላችሁ። እሱም ካልሆነ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው፤ ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ ስላለው አዲስ አበባ ድረስ 275 ኪሎ ሜትር መሄድ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት አለ። የመረጣችሁት አባል ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ሲሆን ወደ አካባቢው ከመጣም የቅጂውን ኮፒ ስጡት። ባዶ እጃቸውን መጥተው የሚያነጋግሩት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ወረቀት የሚሰጡት ጥቂት።

የእኔ መልስ በ29ኛው ቀን መጣ። አንድ ገጽ ነው። ውሉ የተፈረመበት ቀን አለ። ዋጋው አለ። የሚያልቅበት ቀንም አለ፤ ካለፈ ሰባት ወር ሆኖታል። የተከፈለው ገንዘብ ጋ ሲደርስ "ክፍያው በሒደት ላይ የሚገኝ በመሆኑ" ይልና ነጥብ ይመታል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። አንደኛው ላይ ራይት፣ ሁለተኛው ላይ ራይት፣ ሦስተኛው ላይ ግማሽ። ይግባኙን ለበላይ ኃላፊው ትናንት ጠዋት አስገባሁ። የገቢ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ የጻፉት ራሳቸው ናቸው፣ በቀይ እስክሪብቶ።